ሳልሞኔላንና ኖሮቫይረስን በምግብ ናሙና ውስጥ መፈለግ፦ ከናሙና ቅበላ እስከ ውጤት

"አልተገኘም" የሚል ውጤት ማውጣት በጣም ቀላል ነው። ናሙናውን ፀሐይ ላይ አቆዩት፣ ሚዲያውን (ባክቴሪያው የሚያድግበትን ምግብ) ከልክ በላይ ቀቅሉት፣ አር.ኤን.ኤውን (የቫይረሱን ዘረ መል) ስታወጡ አጥፉት። ማሽኑ አንድም ቅሬታ ሳያሰማ "የለም" ይላችኋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፒ.ሲ.አር ማሽኑ (የጀርሙን ዘረ መል አባዝቶ የሚያሳየው) ላይ ይጨነቃል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው።

ይህ መመሪያ ለማይክሮባዮሎጂ ተማሪዎችና ለአዲስ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ነው። የመረጥኳቸው ሁለት ጀርሞች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሳልሞኔላ ባክቴሪያ ነው፤ ምግብና ሙቀት ካገኘ ይራባል። ኖሮቫይረስ ምግብ ውስጥ አይራባም፤ በተለመደው የላቦራቶሪ ሥራም አሳድገን አንቆጥረውም። ስለዚህ ባክቴሪያውን እናበዛዋለን፣ ቫይረሱን እናጠራቅመዋለን። ይህን ልዩነት ከያዛችሁ እያንዳንዱ ደረጃ ለምን እንዳለ ይገባችኋል።

አሠራሩ ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን፣ ለሳልሞኔላ አይ.ኤስ.ኦ 6579-1ን፣ ለኖሮቫይረስ አይ.ኤስ.ኦ 15216-1ን የተከተለ ነው። ላቦራቶሪያችሁ የጸደቀ የራሱ አሠራር ካለው እሱ ይቀድማል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደህንነት

ሥራው የደህንነት ደረጃ 2 ባለው ላቦራቶሪ ይሠራል። ጋውን፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ። በአፍ ፒፔት መሳብ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ለኖሮቫይረስ የአልኮል ጄልን አትመኑ። እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። ጠረጴዛውን ከ1000 እስከ 5000 ፒፒኤም ክሎሪን ባለው የበረኪና ውህድ ጥረጉ፤ ወዲያው አታድርቁት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

ትውከት ወይም ተቅማጥ የያዘው ሠራተኛ ምልክቱ ከቆመ 48 ሰዓት እስኪሞላው ወደ ናሙና አይጠጋ። እሱ ራሱ ናሙናውን ሊበክል ይችላል። ከዚያ የምታገኙት ቫይረስ የምግቡ ይሁን የሰውየው ማን ያውቃል?

ቀኑን አስሉ

የሳልሞኔላ ሥራ ሰኞ ቢጀመር ይመረጣል። ሰኞ ቅድመ ማበልጸግ (የተጎዳው ባክቴሪያ እንዲያገግም ማድረግ)፣ ማክሰኞ መራጭ ማበልጸግ (ሌላውን ባክቴሪያ አግዶ ሳልሞኔላን ማብዛት)፣ ረቡዕ ሳህን ላይ መዝራት፣ ሐሙስ ማንበብ። የሚያጠራጥር ኮሎኒ ከተገኘ ማረጋገጡ አርብንና ቅዳሜን ይበላል። ረቡዕ ጀምራችሁ ቅዳሜ ሳህን የሚያነብ ሰው ከጠፋ፣ ሰኞ የምታገኙት ያረጀ ሳህን ነው። በዚያ ላይ ደግሞ መወሰን አይቻልም።

ሚዲያ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ሰው ሁሉንም ሚዲያ አንድ ላይ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ውስጥ ከትቶ ነው የሚያበላሸው።

• ባፈርድ ፔፕቶን ዋተር (ለቅድመ ማበልጸግ)፦ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይመከን። ፒ.ኤቹ 7 አካባቢ መሆኑን ከቀዘቀዘ በኋላ ለኩ።
• አር.ቪ.ኤስ ብሮዝ (ለመራጭ ማበልጸግ የሚሆን ፈሳሽ ሚዲያ)፦ በ115 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ። 121 ላይ አታድርሱት።
• ኤም.ኬ.ቲ.ቲ.ኤን ብሮዝ (ሁለተኛው መራጭ ፈሳሽ)፦ አዮዲኑና ኖቮባዮሲኑ የሚጨመሩት መሠረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በምትጠቀሙበት ቀን ነው። ከተጨመሩ በኋላ አታሙቁት። ታች የሚዘቅጥ ነጭ ዱቄት አለው፤ ያ ጤነኛ ነው። እያወዛወዛችሁ ወደ ቱቦ ቅዱ።
• ኤክስ.ኤል.ዲ አጋር (ሳህን ላይ የሚረጋ ሚዲያ)፦ ኦቶክሌቭ ውስጥ አታስገቡት። እያማሰላችሁ እስኪሟሟ ብቻ አሙቁ፣ ቶሎ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ አውርዱና ሳህን ላይ አፍስሱ። ቀይና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ከደፈረሰ ወይም ቅንጣት ከታየበት ጣሉት። "ለዛሬ ይሁን" ብላችሁ አትለፉት።

ኮንትሮል

ያለ ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ማነጻጸሪያ) የተገኘ ውጤት ውጤት አይደለም። ለባክቴሪያው ሦስት ያስፈልጋችኋል።

• ፖዘቲቭ፦ ጥቂት የሳልሞኔላ ሴሎች የገቡበት ብሮዝ። ጥቂት ስል ከ100 በታች ማለቴ ነው። ሚሊዮን ሴል ከጨመራችሁ የተበላሸ ሚዲያም ቢሆን ያበቅላቸዋል፤ ያ ምንም አይነግራችሁም።
• ኔጌቲቭ፦ ሌላ ባክቴሪያ፣ ለምሳሌ ኢ. ኮላይ። መራጩ ሚዲያ በትክክል መምረጡን ያሳያል።
• ባዶ፦ ምንም ያልገባበት ብሮዝ ከናሙናዎቹ ጋር እስከ መጨረሻው ይሂድ።

አንድ ምክር፦ ለፖዘቲቭ ኮንትሮል በምግብ ላይ እምብዛም የማይገኝ የሳልሞኔላ ዓይነት ተጠቀሙ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ሳልሞኔላ ኖቲንግሃምን የሚመርጡት ለዚህ ነው። አንድ ቀን ናሙና ውስጥ ኖቲንግሃም ካገኛችሁ ከምግቡ ሳይሆን ከራሳችሁ ጠረጴዛ እንደመጣ ትጠረጥራላችሁ። የተለመደውን ቲፊሙሪየምን ብትጠቀሙ ግን በምን ትለዩታላችሁ?

ደረጃ 1፦ ናሙናውን ተቀበሉና ክፈሉ

1. ሲደርስ የሙቀት መጠኑን ለኩና ጻፉ። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ በጉዞ ላይ ከ1 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። የቀዘቀዘ ምግብ እንዳይቀልጥ፣ ደረቅ ምግብ እንዳይረጥብ ተጠንቀቁ።
2. ቶሎ የሚበላሸውን ቢበዛ በ36 ሰዓት ውስጥ ጀምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ።
3. ማሸጊያውን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉና በመከነ መቀስ ክፈቱ።
4. ናሙናውን ሦስት ቦታ ክፈሉ፦ ለባክቴሪያ 25 ግራም፣ ለቫይረስ በኋላ የምንጠቅሰው መጠን፣ የተረፈውን ለመጠባበቂያ።

የቫይረሱን ክፍል ባክቴሪያው ከሚበቅልበት ብሮዝ ላይ ቀድታችሁ ለመሥራት አትሞክሩ። ቫይረሱ በ225 ሚሊ ሊትር ብሮዝ ውስጥ ይሳሳል እንጂ አይበዛም።

ስለ 25 ግራም አንድ ነገር ልበል። በእያንዳንዱ 25 ግራም በአማካይ 1 ሴል ብቻ ያለበት ምግብ ከሆነ፣ የወሰዳችሁት ቁራጭ ባዶ የመሆን ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው። የላቦራቶሪ ሥራችሁ እንከን ባይኖረውም እንኳ። 5 ናሙና ከወሰዳችሁ ግን አምስቱም ባዶ የመሆን ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለጨቅላ ሕፃናት የዱቄት ወተት ከአንድ ምርት ዙር 30 ናሙና የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አንድ ናሙና ብቻ ይዞ መጥቶ "ሙሉው ጭነት ነፃ ነው በሉኝ" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ከሥራው በፊት አስረዱት።

ናሙናው ጥሩ ሁኔታ ላይ ካልደረሰ፦ የሙቀት መጠኑን መዝግባችሁ ለላኪው አሳውቁ። ሌላ ናሙና ይጠየቅ። ግድ ከተሠራም ሁኔታው ሪፖርቱ ላይ ይስፈር።

ደረጃ 2፦ ቅድመ ማበልጸግ

ምግብ ውስጥ ያለ ሳልሞኔላ ብዙ ጊዜ የተጎዳ ነው። ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ድርቀት ወይም አሲድ አድክሞታል። በቀጥታ ጠንካራ መራጭ ሚዲያ ውስጥ ከጨመራችሁት ይሞታል። መጀመሪያ ማገገም አለበት፤ የዚህ ደረጃ ሥራ እሱ ነው።

1. 25 ግራም ናሙና በመከነ ከረጢት ውስጥ መዝኑ።
2. 225 ሚሊ ሊትር ባፈርድ ፔፕቶን ዋተር ጨምሩ። የክፍሉ ሙቀት ላይ የደረሰ ይሁን እንጂ ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ አይሁን።
3. በስቶማከር (ከረጢቱን በሚያሽ ማሽን) ከ1 እስከ 2 ደቂቃ አዋህዱ። ቅጠላ ቅጠልን አትፍጩ፤ በእጅ ከረጢቱን ቀስ ብላችሁ እሹት።
4. ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ባለው ኢንኩቤተር ለ18 ሰዓት አቆዩ። 2 ሰዓት ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ችግር የለውም። ከቀኑ 10 ሰዓት ካስገባችሁ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ይደርሳል።

ይህ ለአብዛኛው ምግብ ይሠራል። የሚከተሉት ግን ያጭበረብራሉ።

የዱቄት ወተት፦ አታዋህዱት። ዱቄቱን የብሮዙ ገጽ ላይ በትናችሁ ለ60 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት፤ ራሱ ይስመጥ። የደረቀ ሴል ድንገት ውሃ ሲሞላበት ይጎዳል።

ቀረፋና ኦሬጋኖ፦ ራሳቸው ባክቴሪያ ይገድላሉ። ከ1 ለ10 ይልቅ 1 ለ100 አቅጥኑ። ቅርንፉድ ከዚያም ይብሳል፤ 1 ለ1000 ያስፈልገዋል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፦ ብሮዙ ላይ 0.5 በመቶ ፖታሺየም ሰልፋይት ጨምሩ።

ካካዎና ቸኮሌት፦ ካካዎ ሳልሞኔላን የሚያዳክም ነገር አለው። ካዚን ወይም ስብ የሌለው የዱቄት ወተት የተጨመረበት ብሮዝ ተጠቀሙ።

አሲዳማ ምግብ፦ ካዋሃዳችሁ በኋላ ፒ.ኤቹን ለኩና ወደ 7 አቅርቡት። ከዚያ ኢንኩቤተር አስገቡ።

ምግቡ ራሱ ይገድል እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ተመሳሳይ ሁለተኛ ከረጢት አዘጋጁና ጥቂት የኮንትሮል ሴሎች ጨምሩበት። ብቻውን ያለው ፖዘቲቭ ኮንትሮል በቅሎ ምግቡ ውስጥ የገባው ካልበቀለ፣ ጥፋቱ የምግቡ ነው። ይበልጥ አቅጥናችሁ ድገሙት። አዲስ ዓይነት ምግብ በመጣ ቁጥር ይህን ሥሩ።

ደረጃ 3፦ መራጭ ማበልጸግ

1. ከረጢቱን ሳትንጡ፣ ከፈሳሹ 0.1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 10 ሚሊ ሊትር አር.ቪ.ኤስ ውስጥ ጨምሩ።
2. ሌላ 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 10 ሚሊ ሊትር ኤም.ኬ.ቲ.ቲ.ኤን ውስጥ ጨምሩ።
3. አር.ቪ.ኤስን በ41.5 ዲግሪ፣ ኤም.ኬ.ቲ.ቲ.ኤንን በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አቆዩ።

መጠኖቹን አትቀያይሩ። አር.ቪ.ኤስ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ከጨመራችሁ የመምረጥ ኃይሉ ይሳሳል፤ ሌላው ባክቴሪያ ሁሉ ይበቅላል።

41.5 ዲግሪ ቀልድ አይደለም። ኢንኩቤተሩ 43 ላይ ከወጣ ሳልሞኔላው ራሱ ይቸገራል። ማሽኑ ፊት ላይ የሚታየውን ቁጥር አትመኑ። የተረጋገጠ ቴርሞሜትር በውሃ በተሞላ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ናሙናው የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ለኩ። በር አካባቢና ጀርባ በኩል የሚለያይ ከሆነ ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የተስተካከለ የውሃ ገንዳ) ተጠቀሙ።

"አንዱ ብሮዝ አይበቃም ወይ?" የሚል ጥያቄ አይቀርም። አይበቃም። ለምሳሌ ሳልሞኔላ ታይፊ በአር.ቪ.ኤስ ውስጥ በደንብ አያድግም። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዛል።

ደረጃ 4፦ ሳህን ላይ መዝራት

1. የሳህኑ ገጽ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። እርጥብ ሳህን ላይ ኮሎኒዎች ይያያዛሉ።
2. ከእያንዳንዱ ብሮዝ 10 ማይክሮ ሊትር በሉፕ ወስዳችሁ ኤክስ.ኤል.ዲ ላይ፣ እንዲሁም በመረጣችሁት ሁለተኛ አጋር ላይ ዝሩ።
3. ነጠላ ኮሎኒ እስክታገኙ በሦስት ወይም በአራት ክፍል አሳሱት፤ በየክፍሉ ሉፕ ቀይሩ።
4. ሳህኑን ገልብጣችሁ በ37 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አቆዩ።

ሁለተኛው አጋር በሌላ መርህ የሚሠራ ይሁን። ኤክስ.ኤል.ዲ በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጥቁረት ላይ ስለሚተማመን፣ ሁለተኛው በዚያ ላይ የማይተማመን ቢሆን ይመረጣል። ብሪሊያንት ግሪን አጋር ወይም ቀለም የሚያወጣ ክሮሞጀኒክ አጋር ጥሩ ነው።

ደረጃ 5፦ ሳህኑን ማንበብ

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ግን አትደናገሩም።

ሳልሞኔላ መጀመሪያ ዛይሎዝ የሚባለውን ስኳር ያብላላል። አሲድ ይወጣል፣ አጋሩ ቢጫ ይሆናል። ስኳሩ ሲያልቅ ላይሲንን ይሰብራል፤ አጋሩ እንደገና ወደ ቀይ ይመለሳል። በዚያ ላይ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከብረት ጋር ተገናኝቶ መሃሉን ያጠቁረዋል። ውጤቱ መሃሉ ጥቁር የሆነ ቀይ ኮሎኒ ነው።

• ቀይ ከጥቁር መሃል ጋር፦ ዋናው ተጠርጣሪ።
• ሮዝ፣ መሃሉ ትንሽ የጠቆረ ሮዝ፦ ሰልፋይድ የማያወጣ ሳልሞኔላ ሊሆን ይችላል። አትለፉት።
• ቢጫ ከጥቁር መሃል ጋር፦ ብዙ ጊዜ ሲትሮባክተር ወይም ፕሮቲየስ ነው። ላክቶዝ የሚያብላላ ሳልሞኔላም አልፎ አልፎ በቢጫ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አጋር ተመልከቱ።
• ሙሉ ቢጫ፣ ጥቁር የሌለው፦ በአብዛኛው ኢ. ኮላይና ዘመዶቹ።
• ቀይ፣ ጥቁር የሌለው፣ ጠፍጣፋ፦ ብዙ ጊዜ ሱዶሞናስ።

ከ24 ሰዓት ብዙ አታሳልፉ። ሲቆይ ጥቁሩ ይስፋፋል፣ ቢጫውም ወደ ቀይ መመለስ ይጀምራል። ያኔ ሁሉም ሳልሞኔላ ይመስላል።

ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ከተሸፈነ፦ ነጠላ ኮሎኒ ሳይኖር "የለም" አትበሉ። ከዚያው ብሮዝ በትንሽ መጠን እንደገና ዝሩ፤ ብሮዙን አቅጥናችሁም ሞክሩ።

ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ካልበቀለ፦ የዚያ ዙር "አልተገኘም" ውጤት በሙሉ ይሰረዛል። ድርድር የለውም። በቅደም ተከተል ኮንትሮሉን፣ የኢንኩቤተሩን መዝገብ፣ የሚዲያውን ዝግጅት ፈትሹ።

ባዶው ኮንትሮል ላይ ከበቀለ፦ አሁን ደግሞ ፖዘቲቮቹ ናቸው የሚጠረጠሩት። ሥራውን አቁማችሁ ምንጩን ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጥ

በቀለም ብቻ "ሳልሞኔላ ነው" ብሎ መጻፍ አይቻልም።

1. ከእያንዳንዱ ሳህን ቢያንስ አንድ ተጠርጣሪ ኮሎኒ ወስዳችሁ ኑትሪየንት አጋር ላይ አጥሩት። ያ ሳልሞኔላ ካልሆነ ሌሎች እስከ አራት ኮሎኒ ጨምሩ።
2. ከጠራው ኮሎኒ ቲ.ኤስ.አይ አጋር (ሦስት ስኳርና ብረት ያለበት ቱቦ) ላይ ውጉና ዝሩ። ክዳኑን አላልቱት። በ24 ሰዓት ታቹ ቢጫና ጥቁር፣ ጋዝ ያለበት፣ ላዩ ቀይ ከሆነ ከሳልሞኔላ ጋር ይስማማል።
3. ዩሪያ ሥሩ። ሳልሞኔላ ኔጌቲቭ ነው። ፕሮቲየስ በዚህ ይጋለጣል።
4. ላይሲን ሥሩ። አብዛኛው ሳልሞኔላ ፖዘቲቭ ነው።
5. ሴሮሎጂ፦ መጀመሪያ ኮሎኒውን ከጨው ውሃ ጠብታ ጋር ብቻ ቀላቅሉ። ስላይዱን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ እያወዛወዛችሁ በጥቁር ጀርባ ላይ ተመልከቱ። በጨው ውሃ ብቻ ከረጋ በራሱ የሚረጋ ዓይነት ነውና ሴሮሎጂው አይሠራበትም። ካልረጋ በፖሊቫለንት ኦ፣ ከዚያ በኤች ሴረም ቀጥሉ።

ሴሮሎጂውን በቀጥታ ከኤክስ.ኤል.ዲ ላይ ተወስዶ በተነሳ ኮሎኒ አትሥሩ። ከመራጭ አጋር የተነሳ ኮሎኒ የተደባለቀ ሊሆን ይችላል።

አቋራጩ፦ ፒ.ሲ.አር ለሳልሞኔላ

ከቅድመ ማበልጸጊያው ብሮዝ ላይ ዲ.ኤን.ኤ አውጥታችሁ ኢንቪኤ የተባለውን ጂን በሪል ታይም ፒ.ሲ.አር መፈለግ ይቻላል። ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ፍንጭ ታገኛላችሁ። ኔጌቲቮቹን በዚህ መለየት ጊዜ ይቆጥባል፤ ፖዘቲቭ የወጣው ግን ወደ ሳህን ይመለስ። የሞተ ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤም ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ለምርመራ የሚያስፈልገውን ሕያው ባክቴሪያ ፒ.ሲ.አር አይሰጣችሁም።

ደረጃ 7፦ ቫይረሱን ከምግቡ ማላቀቅ

ወደ ኖሮቫይረስ እንለፍ። እዚህ የሚራባ ነገር የለም። በያንዳንዱ ደረጃ የምታጡት ቫይረስ እስከ መጨረሻው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ስንት እንደጠፋ የሚነግራችሁ ምስክር መጀመሪያ ላይ ጨምሩ። ይህ የሂደት መቆጣጠሪያ ቫይረስ ይባላል፤ በብዛት ሜንጎቫይረስ ነው። መጠኑ 10 ማይክሮ ሊትር። ከዚያው ቫይረስ ጥቂቱን ለማነጻጸሪያ ለብቻው አስቀሩ።

ቅጠላ ቅጠልና ለስላሳ ፍራፍሬ

1. 25 ግራም ሳትፈጩ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆራርጡ። ቫይረሱ ያለው በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው፤ መፍጨት የሚያተርፈው ጭማቂና ችግር ነው።
2. ወንፊት ባለው ከረጢት ውስጥ አድርጉ፣ መቆጣጠሪያ ቫይረሱን ጨምሩ።
3. 40 ሚሊ ሊትር ትሪስ ግላይሲን የሥጋ ጭማቂ ባፈር ጨምሩ፤ ፒ.ኤቹ 9.5 ይሁን። ለለስላሳ ፍራፍሬ 30 ዩኒት ፔክቲኔዝ ጨምሩ፤ ያለ እሱ ፈሳሹ እንደ ማርማላታ ይረጋባችኋል።
4. ለ20 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይወዛወዝ።
5. ፍራፍሬ ከሆነ ፒ.ኤቹን ደጋግማችሁ ለኩ። ከ9 በታች ከወረደ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መልሱት፤ ባስተካከላችሁ ቁጥር 10 ደቂቃ ጨምሩ። ይህን መዝለል ትልቁ የውድቀት ምክንያት ነው። በአሲድ ውስጥ ቫይረሱ ከምግቡ ገጽ አይላቀቅም።
6. ፈሳሹን በወንፊቱ በኩል ቅዱና በ10,000 ጂ፣ በ5 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩ። ከላይ ያለውን ፈሳሽ ያዙ።
7. ፒ.ኤቹን ወደ 7 አውርዱ። የፈሳሹን ሩብ ያህል፣ ቫይረሱን የሚያዘቅጥ ፒ.ኢ.ጂና ጨው ያለበት ውህድ ጨምሩ። 1 ደቂቃ ነቅንቁና በ5 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ እየተወዛወዘ ይቆይ።
8. እንደገና በ10,000 ጂ ለ30 ደቂቃ። አሁን የሚፈለገው ታች የቀረው ዝቃጭ ነው። ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ቱቦ ቅዱ፤ 5 ደቂቃ አሽከርክራችሁ የቀረውን ጠብታም አንሱ።
9. ዝቃጩን በ500 ማይክሮ ሊትር ፒ.ቢ.ኤስ (ጨዋማ ባፈር) አሟሙ።
10. እኩል መጠን ክሎሮፎርምና ቡታኖል ጨምራችሁ ነቅንቁ፣ 5 ደቂቃ አቆዩ፣ ለ15 ደቂቃ በ10,000 ጂ አሽከርክሩ። የላይኛውን ውሃማ ክፍል ውሰዱ። ክሎሮፎርም በጭስ ማውጫ ሥር ብቻ!

ከላይ በተራ ቁጥር 6 ላይ የላይኛውን፣ በተራ ቁጥር 8 ላይ የታችኛውን ነው የምንይዘው። ሥራ ሲበዛ ይምታታል። ቱቦው ላይ በትልቁ ጻፉ፤ ምርመራው እስኪያልቅም ምንም ፈሳሽ አትድፉ።

ዛጎል ለበስ የባሕር ምግብ

ይህ ቀለል ይላል። ቢያንስ ከ10 እንስሳ የምግብ መፍጫ ዕጢውን ብቻ ለዩ፤ ውሃ እያጣሩ ሲመገቡ ቫይረሱ የሚከማቸው እዚያ ነው። በደንብ ከትፋችሁ 2 ግራም መዝኑ። መቆጣጠሪያ ቫይረሱንና 2 ሚሊ ሊትር ፕሮቲኔዝ ኬ ጨምሩ። በ37 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ እየተነቀነቀ ይቆይ፤ ከዚያ በ60 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ። በ3000 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክራችሁ የላይኛውን ፈሳሽ ያዙ።

ደረጃ 8፦ አር.ኤን.ኤ ማውጣት

500 ማይክሮ ሊትር ውሰዱና የኪቱን መመሪያ ተከተሉ። መጨረሻ ላይ 100 ማይክሮ ሊትር ይውጣ። ከናሙናው ጎን አንድ ባዶ ቱቦ በንጹሕ ውሃ ብቻ አብሮ ይሂድ። በ24 ሰዓት ውስጥ የማትሠሩበት ከሆነ አቀዝቅዙት፤ ደጋግማችሁ ግን አታቅልጡት።

ማስጠንቀቂያ፦ የማውጫ ኪቱ ጓኒዲን ያለበት ባፈር ካለው ቆሻሻው ላይ በረኪና አታፍስሱ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለዚህ ቆሻሻ የተለየ ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ።

ደረጃ 9፦ ሪል ታይም አር.ቲ ፒ.ሲ.አር

ሦስት የተለያየ ቦታ ያስፈልጋል፦ ድብልቁ የሚዘጋጅበት፣ አር.ኤን.ኤ የሚጨመርበት፣ ማሽኑ ያለበት። ጉዞው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ማሽኑ ክፍል የገባ ሰው በዚያው ጋውን ወደ ድብልቁ ክፍል አይመለስ። የተባዛበትን ቱቦ ደግሞ በፍጹም አትክፈቱ።

ጂ.አይና ጂ.አይ.አይ የሚባሉትን የኖሮቫይረስ ቡድኖች ለየብቻ ፈልጉ። እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ 5 ማይክሮ ሊትር አር.ኤን.ኤ በ20 ማይክሮ ሊትር ድብልቅ ላይ። 45 ዙር ይሂድ።

ማሽኑ ሲጨርስ ናሙናውን ለማየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሁለት ስሌት ሥሩ። ሁለቱም የስታንዳርድ ከርቫችሁ (የታወቀ መጠን ካላቸው ናሙናዎች የተሠራው መስመር) ስሎፕ -3.32 አካባቢ ከሆነ በቀላሉ ይሠራሉ።

አንደኛው፣ ስንቱ ተረፈ? የመቆጣጠሪያ ቫይረሱን ሲ.ቲ (ምልክቱ የታየበትን ዙር) በናሙናው ውስጥና በማነጻጸሪያው አወዳድሩ። የሚፈለገው ቢያንስ 1 በመቶ መትረፍ ነው። ይህ ማለት ልዩነቱ ከ6.6 ዙር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ማላቀቁ ወይም ማውጣቱ ከሽፏል፤ "አልተገኘም" ብላችሁ አትጻፉ፣ ከደረጃ 7 ጀምሩ።

ሁለተኛው፣ ምግቡ ምላሹን አግዷል? የታወቀ መጠን ያለው አር.ኤን.ኤ በናሙናው ውስጥና በንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አወዳድሩ። የእገዳው ልክ እስከ 75 በመቶ ነው፤ በሲ.ቲ ሲሰላ 2 ዙር። ከ2 ዙር በላይ ከዘገየ አር.ኤን.ኤውን 1 ለ10 አቅጥናችሁ ድገሙ። አጋጁ ይሳሳል፤ ቫይረሱም አብሮ ይሳሳል እንጂ።

ከሁለቱ ቱቦ አንዱ ብቻ ዘግይቶ ከወጣ፣ በ39ኛው ዙር እንበል፦ ቫይረሱ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ብክለትም ሊሆን ይችላል። ባዶዎቹን ተመልከቱ። ንጹሕ ከሆኑ ከዚያው አር.ኤን.ኤ ተጨማሪ ቱቦዎች ሥሩ። ባዶዎቹም ከወጡ ዙሩ በሙሉ ይጣል፣ ድብልቁም አዲስ ይዘጋጅ።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን መጻፍ

"ምግቡ ንጹሕ ነው" አይባልም። እንዲህ ጻፉ፦ "በ25 ግራም ናሙና ውስጥ ሳልሞኔላ አልተገኘም።" ለቫይረሱ፦ "የኖሮቫይረስ ጂ.አይ.አይ አር.ኤን.ኤ አልተገኘም"፤ ከጎኑ የተረፈውን በመቶኛ አስፍሩ።

ፖዘቲቭ ከሆነም ቃሉን መጥኑ። ፒ.ሲ.አር ያየው አር.ኤን.ኤ ነው። ቫይረሱ አሁንም ሰው ማሳመም ይችል እንደሆነ አይነግራችሁም፤ በተለይ ምግቡ በሙቀት ያለፈ ከሆነ። ይህ ማለት ግን ውጤቱን ንቁት ማለት አይደለም። ቫይረሱ እዚያ ደርሶ ነበር፤ በምን መንገድ እንደደረሰ ይመርመር።

የሳልሞኔላውን ኮሎኒ ግሊሰሮል ባለበት ብሮዝ -70 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። የበሽታ ወረርሽኝ ከተነሳ የታማሚው ባክቴሪያ ከምግቡ ጋር የሚነጻጸረው በዚህ ነው። ያገለገሉ ሳህኖችንና ብሮዞችን ሳታመክኑ ከላቦራቶሪ አታውጡ።

የምግቡ ባለቤት "ከመጠባበቂያው ይደገምልኝ" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብትደግሙትና ሁለተኛው "አልተገኘም" ቢል የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ሳልሞኔላ ምግብ ውስጥ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝም። ኮንትሮሎቹ ሁሉ ትክክል ከነበሩ ፖዘቲቩ እንዳለ ይቆማል። ሁለቱም ውጤት ሪፖርቱ ላይ ይስፈር።